አጭር «ለፈ»፣ ረጅም «ኮ»

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የተሰጠኝ ደብዳቤ «ለረጅም ዘመን በቅንነት ስላገለገሉ» ይላል። ያገለገልኩት በጉሮሮዬ መሆኑን ግን አይልም። የሥራ መደቤ በወረቀት ላይ «የባህል ሠራተኛ» ነው፤ ነቀምት ውስጥ በዚህ ስም የሚያውቀኝ ሰው ግን የለም። ከገበያ እስከ መናኸሪያ ድረስ «ከድር ላፋ የት ነው?» ብትሉ እጃችሁን ይዘው ቤቴ ያደርሷችኋል። ላፋ በኦሮምኛ ደካማ፣ ልፍስፍስ እንደ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣልኝ ከነቀምት ወዲያ ያለችው የቢላ ከተማ ገበያ ነው። ሌላው ሰው የሥራ ዘመኑን ሲያወጋ ከሹመቱ ይጀምራል፤ የኔ ግን ከዚህ ቅጽል ስም ነው የሚጀምረው፤ ያለ እሱ ሌላው ሁሉ አይገባችሁም።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ምስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። እኔ እዚያው ተወለድኩ። ቤት ውስጥ ጉራጌኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ከደጅ ስወጣ ኦሮምኛ ነው የምናገረው። ከሰፈር ልጆች ጋር ስንጣላ በሦስቱም ነበር የምንሰዳደበው፤ ስንታረቅ ግን በኦሮምኛ ነው። ስለዚህ ኦሮምኛ ይጠፋኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህን ትዕቢቴን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ጋሽ ቶለራ ሱቃችን የመጣው ቀጭን ሽቦ ፈልጎ ነው። በአዲስ አበባ በአንድ የወታደር ኦርኬስትራ ውስጥ ሳክስፎን ሲነፋ ኖሮ፣ አብዮቱ ሲመጣ ወደ ትውልድ አገሩ ወለጋ ተመልሶ የነቀምት የኪነት ቡድን አሰልጣኝ ሆኗል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ኮቱን ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ በር ላይ ቆሜ ገበያተኛ እጣራለሁ። ሽቦውን ተቀብሎ መሄድ ሲገባው ቆመ።

«እስኪ እንደገና ተጣራ» አለኝ።

ተጣራሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና ወደ አባቴ ዞረ። «ሐጂ፣ ይህን ድምፅ ለምስማር ማባከን ነውር ነው። ልጅህን አውሰኝ።»

አባቴ ሐጂ አልነበረም፤ ሲሉት ግን ደስ ይለዋል። «መልሰህ የምታመጣው ከሆነ ውሰደው» አለ። ጋሽ ቶለራ አልመለሰኝም። ደመወዛችን ስሙ አበል ነበር፤ መጠኑም እንደ ስሙ ነው፣ እሱን እዚህ ላይ እንለፈው።

ሽቦው ለምን እንደሆነ የገባኝ ልምምድ ቤት ስደርስ ነው። ክራር መቺያችን ገመቹ ከአሮጌ ስልክ ላይ የነቀለውን መስሚያ ከክራሩ ሆድ ውስጥ ለጥፎ፣ በአባቴ ሽቦ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶታል። ክራሩ ሲመታ ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከክራሩ ጎን አንድ ጊታር፣ አንድ ትራምፔት፣ ጃዝ የምንለው ከበሮና የጋሽ ቶለራ ሳክስፎን ነበሩ። ጋሽ ቶለራ የሚያልመው ነገር አንድ ነው። ከአብዮቱ በፊት በሸክላ የምንሰማቸውን፣ የነሐስ መሣሪያ የሚጮህባቸውን፣ ዘፋኙ ከሆዱ የሚያወጣቸውን የሶል ዘፈኖች ትንፋሽ እንደገና ማስነሳት ይፈልጋል። ግን በአዲስ አበባ ልብስ ሳይሆን በወለጋ ምት፣ ክራር ከፊት ሆኖ። «ፈረንጅ ሶል የሚለው ነፍስን ነው አሉ። ነፍስ እኛ ዘንድም ሞልቷል፤ ማጉያ ነው ያጣነው» ይል ነበር።

ችግሩ አለቃችን ጓድ መርዕድ ነው። ከሸዋ የተመደበ የባህል ኃላፊ ነው፤ ከደረት ኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አትለየውም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ግን ነበር። የሚፈራ አለቃ ደግሞ በሥሩ ያለውን ሁሉ ያስፈራል። ሳክስፎን ሲሰማ «ይህ ያለፈው ሥርዓት ጭፈራ ነው» ይላል። ለእሱ ኪነት ማለት ተሰልፎ፣ እጅ አንስቶ በኅብረት መዘመር ነው። ጋሽ ቶለራ ግን በወረቀት ማሸነፍ ያውቅበታል፤ ፕሮግራማችንን «ሕዝባዊ ዜማ በዘመናዊ መሣሪያ» ብሎ ጽፎ ያቀርባል፣ ጓድ መርዕድም ይፈርማል።

አንድ ቀን ግን ጓድ መርዕድ ወረቀቱን ሳይፈርም መለሰው። «ቢላ ወርዳችሁ ለገበሬው ታቀርባላችሁ። ሕዝቡ ከተቀበላችሁ ትቀጥላላችሁ። ካልተቀበላችሁ መሣሪያዎቹ ግምጃ ቤት ይገባሉ፤ ቡድኑ በኅብረት መዝሙር ይቀጥላል» አለ። ቀጥሎ ጋሽ ቶለራን አየው። «አንተም የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ትሆናለህ።» የገዛ ሳክስፎንህን ቆልፈህ ቁልፉን ጠብቅ ማለቱ ነው። ጋሽ ቶለራ ፈገግ አለ፤ ጣቶቹ ግን የኮቱን ቁልፍ ይፈቱና ይቆልፉ ጀመር።

ስለ ጋሽ ቶለራ ልማዶች እዚህ ላይ ልናገር፤ እኔን የሠሩኝ እነሱ ናቸውና። የሳክስፎኑን የሚነፋበትን አፍ ከመሣሪያው ነቅሎ፣ በነጭ መሐረብ ጠቅልሎ፣ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል። በአፉ ላይ የምትታሰረውን የሸምበቆ ምላስ ስኳር በሌለው ቀዝቃዛ ሻይ ነው የሚያርሳት፤ ውሃ ያሰንፋታል ይላል። ልምምድ ላይ ደግሞ ግማሹን ሰዓት ከእኛ ጋር አይሆንም። ወጥቶ ከአጥሩ ማዶ፣ መንገደኛ መስሎ ቆሞ ይሰማናል። «እኔ ከመንገድ ላይ ያልገባኝን ዘፈን ለማን ነው የምትዘፍኑት?» ብሎ ይመለሳል።

ከሁሉ የበለጠው ልማዱ ግን ይህ ነው፦ ዘፋኝ አንድን ዘፈን መድረክ ላይ ከማውጣቱ በፊት፣ ግጥሙን ያለ ዜማ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ለማያውቀው ሰው መንገር አለበት። ለገበያተኛ፣ ለሹፌር፣ ላገኘው ሰው። ሰውዬው ከመለሰለት ዘፈኑ ደርሷል። ሰውዬው ዝም ብሎ ካየው አልደረሰም። ስለዚህ ስንገናኝ ሰላምታው «ነግረኸዋል ወይ?» ነበር።

ለቢላ ያዘጋጀነው ዘፈን «ለፈ ኮ» ይባላል፤ መሬቴ ማለት ነው። ግጥሙን እኔና ገመቹ ጻፍነው፣ ነሐሱን ጋሽ ቶለራ አቀናበረው። ልምምድ ላይ ቃሉን በአጭሩ ነበር የምለው፣ ማንም ምንም አላለም። ለብቻዬ ስሆን ግን የድሮ ሸክላ ከፍቼ፣ ዘፋኞቹ አንዱን ፊደል እንዴት ጎትተው፣ አጥፈው፣ አንቀጥቅጠው እንደሚያወጡት አጠና ነበር። መጎተት የሶል ነፍሱ ነው ብዬ አምኛለሁ።

ቢላ የደረስነው በገበያ ቀን፣ ጠዋት ነው። መሣሪያውን ከጭነት መኪናው ላይ እያወረድን ጋሽ ቶለራ መጣ። «ነግረኸዋል ወይ?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የነቀምት ልጅ ነኝ» አልኩት።

«ወለጋ መወለድህን አልጠየቅሁህም። ገበያው እዚያ ነው፣ ሂድና ለአንዲት ሴት ንገራት።»

እሺ ብዬ ሄድኩ። የሄድኩት ግን ወደ ጥብስ ቤት ነው።

መድረኩ የጭነት መኪናው ጀርባ ነበር። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ጓድ መርዕድ ከፊት ወንበር ላይ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከጎኑ፣ ሹፌራችን ከኋላቸው ቆሟል። ክራሩ ጀመረ፣ ከበሮው ገባ፣ ነሐሱ ተቀበለ። ያን ሁሉ ሰው ሳይ ደረቴ ተነፋ። ያጠናሁት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ለፈ የሚለውን ቃል ያዝኩና ጎተትኩት። «ላአአ-ፋአአ ኮ!»

ከዚያ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ተከትሎ ሜዳው በሙሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ደስታ መሰለኝ። ከኋላዬ ጋሽ ቶለራ ቃሉ ላይ ስደርስ ሳክስፎኑን ያስጮኸዋል፤ ድምፄን ሊሸፍንልኝ ነበር። እኔ ደግሞ «አይዞህ፣ በርታ» ያለኝ መስሎኝ የባሰ ጎተትኩት። እሱ ባስጮኸ ቁጥር እኔ እጎትታለሁ። አራት ቤት ግጥም እንዲህ አለቀ።

በኦሮምኛ ለፈ ሲያጥር መሬት ነው፤ ሲረዝም ላፋ ይሆንና ደካማ ማለት ነው። እኔ በዚያ ሁሉ ገበሬ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ነሐስ ታጅቤ፣ እጄን ወደ ማሳው እየዘረጋሁ «ልፍስፍሴ! አንቺ ልፍስፍሴ!» እያልኩ ነበር። ቃሉ ከእናቴ ጡት እኩል ያወቅሁት ነው፤ ያሳተኝ አለማወቅ ሳይሆን ጉራ ነው።

ጓድ መርዕድ ኦሮምኛ አይሰማም። ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ምን አስቃቸው?»

«ሕዝቡ ተደስቶ ነው፣ ጓድ።»

«በምን?»

ሊቀመንበሩ ሊያድነን ሞከረ። «መሬቱ… ለስላሳ ነው አለ፣ ጓድ። ለእርሻ ይመቻል ለማለት ነው።»

ጓድ መርዕድ ሞኝ አልነበረም። ሹፌሩን ጠራው። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ሳቁ ግን ገና አላለቀለትም። «ደካማዬ፣ ደካማዬ ነው የሚለው፣ ጓድ!» አለ እንባውን እየጠረገ። ጓድ መርዕድ ደብተሯን አወጣና ጻፈ። የመሬት አዋጁ ላይ መቀለድ የሚመስል ነገር በእጁ ማለፉ ነው፤ ለእሱም ቢሆን ቀላል አልነበረም።

መሣሪያውን ጭነን ወደ ነቀምት ተነሣን። ጋሽ ቶለራ ከጎኔ ተቀምጦ «ነግረኸው ነበር?» አለኝ።

«አልነገርኩም፣ ጋሼ።»

«እሺ» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። ጊታሩና ነሐሱ ግምጃ ቤት ገቡ። እኔ በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ፤ በኔ ጥፋት የተቀጣው ጋሽ ቶለራ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ወንበር ዘርግቶ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ቁልፍ በእጁ ይዞ አየዋለሁ። ሰላም ይለኛል። እኔ ግን እንኳን መዝፈን፣ አባቴ ሱቅ በር ላይ መጣራት አቃተኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

በሦስተኛው ሳምንት አላስቻለኝም፤ በገበያ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ቢላ ወረድኩ። መጀመሪያ የሳቀችውን ሴት ፈለግሁ። አላደከመችኝም፤ እሷው አየችኝ።

«ኮታ፣ ኑ እዩ! ያ ላፋው ልጅ መጣ!» ብላ ጮኸች። ገበያው ዞሮ አየኝ።

አዴ ጫልቱ፣ እትዬ ጫልቱ እንደ ማለት ነው፣ ትባላለች፤ አንጮቴ ትሸጣለች። አንጮቴ የወለጋ ሥራ ሥር ነው፤ ከመሬት ሲወጣ አፈር ይዞ ነው። ፊቷ ቁጢጥ አልኩ።

«ማል በርባዳ፣ ኢልማ ኮ? ምን ትፈልጋለህ ልጄ?»

«ዘፈኑን ልነግርሽ ነው» አልኩ። «ያን ቀን መንገር ነበረብኝ።»

ነገርኳት። ያለ ዜማ፣ እንደ ወሬ። እሷ ሥራዋን አልተወችም፤ ሁለት አንጮቴ ይዛ አንዱን ባንዱ እየመታች አፈሩን ታራግፋለች። ጠብ፣ ጠብ። ስጨርስ መለሰችልኝ። ስለ ራሷ ማሳ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በስሟ ስለተመዘገበላት ቁራሽ መሬት አወራችኝ። ለፈ ኮ ባለች ቁጥር «ለፈ» ከአንጮቴው ምት ጋር እኩል ያርፋል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ሁለት አጭር። «ኮ» ላይ ስትደርስ ግን እጇን ታቆምና ቃሉን ትለቀዋለች፤ ረጅም፣ ከዚህ ማሳ እዚያ ማሳ ሰው እንደሚጠሩበት።

ጠየቅኋት። «አዴ፣ ኮ ላይ ሲረዝም ትርጉሙ አይበላሽም?»

«ኮ እኮ ፊቱንም ረጅም ነው። የኔ ነው የምትለውን ነገር የፈለግኸውን ያህል ጎትተው፣ ማን ይከለክልሃል? መሬቷን ግን አትጎትታት፤ ላፋ ትሆንብሃለች።» ከዚያ ሳቀችብኝ። «አንተ ላፋ ኮ!»

ስሰናበታት ሁለት አንጮቴ ሰጠችኝ። ነቀምት ስደርስ ቤቴ አልሄድኩም፤ ቀጥታ ግምጃ ቤት ነው የሄድኩት። ጋሽ ቶለራ ፊት አንዱን አንጮቴ ባንዱ መታሁ። «ለ-ፈ» አልኩ። ከዚያ «ኮኦኦኦ» ብዬ ለቀቅሁት። «እንደገና» አለ። ደገምኩለት። ከደረት ኪሱ መሐረቡን አወጣ፣ ፈታው፣ የሳክስፎኑን አፍ ብቻውን አፉ ላይ አደረገው። ያለ ሳክስፎን ሲነፉት እንደ ዳክዬ ነው የሚጮኸው። በዚያ የዳክዬ ድምፅ ሁለቱን አጭር ምት ነፋ፤ ጋ፣ ጋ። እኔ ኮውን ሞላሁት። ገመቹ ድምፁን ሰምቶ መጣና ሣጥን መምታት ጀመረ። ስንት ዘመን የፈለግነው ነገር ይኸው ነበር፤ ነሐሱ አጭር እየመታ ዘፋኙ ረጅሙን ይዞ የሚሄድበት። ሸክላው ላይ ስፈልገው የኖርኩት ሶል አንጮቴ መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ቀሪው የዕድል ሥራ ነው። ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፤ ጓድ መርዕድ ማርሽ የሚነፋ ፈለገ። ሳክስፎኑን አስወጣና ለአንድ ሰልፈኛ ሰጠው። ሰልፈኛው አገላብጦ አየው። «ጓድ፣ አፍ የለውም።»

ጓድ መርዕድ ወደ ኃላፊው ዞረ። «አፉ የታለ?»

ጋሽ ቶለራ ደረቱን መታ አደረገ። «አፉ በንብረት መዝገብ ላይ የለም፣ ጓድ። የግሌ ነው። ለእንግዶቹ እነፋለሁ፤ ከዚያ አንድ ቀን ቢላ ይፈቀድልኝ።»

ጓድ መርዕድ ሳክስፎኑን ከሰልፈኛው ተቀብሎ ሰጠው። «ደግሞ ልፍስፍስ ካላችሁ እኔም አብሬያችሁ ግምጃ ቤት እገባለሁ» አለ። ሲቀልድ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ቀልድ መሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ቢላ እንደገና የጭነት መኪናው ጀርባ ላይ ቆምን። ሕዝቡ እኔን ሲያይ ገና ሳልጀምር መሳቅ ጀመረ። አሁንም ብስት ጋሽ ቶለራ ሳክስፎን ዳግመኛ አይነካም። ክራሩ ገባ። ዓይኔን አዴ ጫልቱ ላይ ተከልኩ። ለ-ፈ፤ ነሐሱ አብሮኝ መታ፣ ሁለት አጭር። ከዚያ ኮውን ለቀቅሁት፤ እስከ ማሳው ዳር ለቀቅሁት። ሳቁ ቆመ። ሁለተኛው ላይ አዴ ጫልቱ ብቻዋን ኮውን ተቀበለችኝ። ሦስተኛው ላይ ሜዳው በሙሉ ተቀበለኝ።

ጓድ መርዕድ ደብተሯን ይዞ ወደ ሹፌሩ ዞረ። «አሁንስ ምን እያሉ ነው?»

«መሬቴ ነው የሚሉት፣ ጓድ። አሁንስ መሬት ነው።» ሹፌሩ ይህን ብሎ ራሱም ከሕዝቡ ጋር ኮ ማለት ጀመረ።

ደብተሯ ወደ ኪስ ተመለሰች። ሳክስፎኑም ግምጃ ቤት አልተመለሰም። ከመድረክ ስወርድ ጋሽ ቶለራ አንገቴን አቀፈኝ፤ የኮቱ ቁልፍ ሁሉ ተፈቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያ ዘፈን ሻምቡን፣ ጊምቢን፣ ደምቢ ዶሎን ዞርን። ሻምቡ ላይ ብርድ የትራምፔቱን ቁልፎች አደረቃቸው፣ ጊምቢ ላይ ማጉያው ተቃጠለ፤ የትም ስንደርስ ግን ኮውን የሚቀበል አላጣንም። ላፋ የሚለው ስም ከኛ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ቡድኑ ተበተነ፤ እኔ በባህል ቢሮ ወረቀት ያዥ ሆኜ ቀረሁ። ጋሽ ቶለራ አርፏል። የሳክስፎኑን አፍ በመሐረቡ እንደተጠቀለለ ሴት ልጁ ለኔ ሰጠችኝ፤ ነፍቼው አላውቅም፣ በደረት ኪሴ ግን አለ።

የመሰናበቻዬ ቀን አዳራሹ ውስጥ የከተማው ወጣቶች ባንድ ቀረበ። የድሮውን ነሐስ ከክራር ጋር አዋህደው የሚጫወቱ ልጆች ናቸው፤ አዲስ ፈጠራ ነው ይሉላቸዋል፣ እኔም አላስተባብልም። ዘፋኟ ሌሊሴ ትባላለች። «ለፈ ኮ»ን ጀመሩ። ቃሉ ላይ ስትደርስ በእጄ ወንበሩን ጨበጥኩ። ለ-ፈ አለች፤ ሁለት አጭር። ኮውን እኔ ከማውቀው በላይ ረጅም አድርጋ ያዘችው፣ አዳራሹም ተቀበላት። ተነፈስኩ።

የመጨረሻው ቤት ላይ ግን ነሐሱን በእጇ አስቆመችው። ከመድረክ ወረደች። በዱላዬ ተደግፌ ወደ ተቀመጥኩበት መጣችና ጎንበስ ብላ፣ እያየችኝ፣ ቃሉን ጎተተችው።

«ላአአ-ፋአአ ኮኦኦ…»

የኔ ላፋ ማለቷ ነው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ልነሣ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ እሷ እጄን ይዛ አነሣችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ቃል ተጎትቶ የሚታረም ነገር አጣሁበት።